ከመጣሉ በፊት ይፈታ

በዓመቱ መጀመሪያ ላይ የትምህርት ቤታችን መጋዘን እንዲጸዳ ተወሰነና እኛ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ስድስት ሆነን ዕቃ እንድናወጣ ታዘዝን። መጋዘኑ የቱ እንደሆነ የማታውቁ ትኖራላችሁ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችው፣ ፀሐይ ሲበረታ የቆርቆሮ ክዳኗ የሚንጣጣው ጠባብ ክፍል ናት። ቀድሞ የእጅ ሥራ ክፍል እንደነበረች የሚያስታውሱት የቆዩት መምህራንና አንዳንድ ወላጆች ብቻ ናቸው። ከአንዱ ጠረጴዛ ላይ ሞርሳው እስከ ዛሬ አልተነቀለም። የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜው ግን ከፕሮግራሙ ከወጣ ቆይቷል፤ ክፍሏም የተሰበረ ወንበር፣ የሞተ ኮምፒዩተርና የቆመ የግድግዳ ሰዓት ማጠራቀሚያ ሆና ቀርታለች።

የተሰጠን ወረቀት «አገልግሎት የማይሰጡ ዕቃዎች» የሚል ርእስ ነበረው። ዝርዝሩ ላይ 31 ዕቃዎች ሰፍረዋል። ከእነዚህ መካከል ስንቱ ተከፍቶ፣ ውስጡ ታይቶ ነው «አይሰራም» የተባለው ብለን ጠየቅን። አንድም አልነበረም። ቅሬታችን ከዚህ ይጀምራል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ በየቤታችንም የምናደርገው ይህንኑ ነው። አንድ ነገር ሲቆም ነቅነቅ እናደርገዋለን፣ መታ መታ እናደርገዋለን፣ ከዚያ ወደ ጥግ እንገፋዋለን። የዓመቱን መጽሔት አዘጋጆች አንድ አስተያየት ጻፉ ሲሉን ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ የተስማማነው ግን በዝርዝሩ ውስጥ ባልነበረ አንድ ዕቃ ምክንያት ነው።

በኒዶ ጣሳ ውስጥ፣ ከዛገ ምስማር ጋር፣ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ጥቁር ነገር አገኘን። አንደኛችን የሥጋ መፍጫ ቁራጭ ነው አለ፤ ሌላዋ የመኪና ዕቃ ነው አለች። ሁላችንም «አባባ» የምንላቸው ዘበኛችን ከበሩ ላይ ሆነው አዩና «እሱ የኔ ነው፤ ጣሉት» አሉን። ለካ የዓሣ ማጥመጃ ክር መጠቅለያ ነው። እዚህ ጅቡቲ አጥማጁ ሁሉ በፈረንሳይኛው «ሙሊኔ» ይለዋል፤ እኛም እንደዚያው እንላለን። እንዳሉን ጣልነው። ዓይናቸው ግን ከቆሻሻው ክምር ላይ አልነሣ አለ። ያን አይተን ነው መልሰን ያነሳነው።

ታሪኩን ቀስ በቀስ ነው ያወጣጣናቸው። ኤሮን ሰፈር አንድ ፈረንሳዊ ቤት ዘበኛ ሳሉ ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ ሙሊኔውን ከነዘንጉ ሰጣቸው። ለራሳቸውም ለጎረቤትም የሚሆን ዓሣ ብዙ ዓመት አጠመዱበት። አንድ ቀን እጄታው አልዞር አለ፤ ሙሊኔውም ጣሳ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ የሚያጠምዱት በእጅ ገመድ ነው። የእጅ ገመድ ሩቅ አይወረወርም፤ ትልቅ ዓሣ ሲይዝ ደግሞ መዳፍ ይቆርጣል። በቀኝ መዳፋቸው ላይ ያለውን ጠባሳ ጠዋት ጠዋት ስንጨብጣቸው ሁሌ እንነካው ነበር፤ ከምን እንደመጣ ግን ጠይቀን አናውቅም።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። እኛ ስንጎረጉር ያወጣነው ዘንዶ ጨው ነው። ዓርብ ጠዋት ሞርሳው ያለበትን ጠረጴዛ ጠራርገን ሥራ ስንጀምር በአንድ ሰዓት የምንጨርሰው መስሎን ነበር። የጎን ክዳኑን ለመክፈት መጀመሪያ ያገኘነውን ካቻቪቴ አስገብተን ታገልን። ጫፉ ለብሎኑ ጠባብ ስለነበር የብሎኑን አናት በላው። አባባ ይህን ሲያዩ ካቻቪቴውን ተቀበሉን። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ የባቡር ጥገና ውስጥ ረዳት ሆነው ሠርተዋል፤ እስከ ዛሬ «አቴሊየ» ነው የሚሉት። ሌላ ሰፋ ያለ ካቻቪቴ መረጡ፣ ጫፉን በሞረድ እየሳሉ ከብሎኑ ስንጥቅ ጋር ለኩት፣ ሳይወላወል ልክ እስኪገባ ድረስ ደጋግመው ሳሉት። ከዚያ ላምባ ከሞተር ዘይት ጋር ደባልቀው በየብሎኑ አናት ላይ ጠብ አደረጉና «በሉ ልጆቼ፣ የሚቀጥለው ዓርብ» ብለውን ወደ በራቸው ሄዱ።

ያች ሳምንት ከሁሉ የከበደችን ናት። ስልካችን አንድ ነገር ሳይከፍት አምስት ሴኮንድ ሲቆይ የምንበሳጭ ልጆች ነን። በሁለተኛው ዓርብ የብየዳ ካውያውን አግለን የብሎኑን አናት ነካካነው። ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሸበሸባል፤ በመካከሉ የያዘው ዝገት ይሰነጠቃል፤ ላምባውም ስንጥቁን ተከትሎ ይገባል። ሦስተኛው ሙከራ ላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማን። በፈተና መቶ ያገኘን ያህል ነው የጮኽነው።

ክዳኑ ሲነሳ ውስጡ ሁለት ዓይነት ጉዳት ነበረው። አንደኛው ግራሶው ነው። ሙጫ ሆኖ ማርሾቹን እርስ በርስ አጣብቋቸዋል። አባባ ትንሽ አፈር ካሉ በኋላ፣ ግራሶ ባጡ ጊዜ የምግብ ዘይት እንደጨመሩበት ነገሩን። የምግብ ዘይት አየር ሲያገኘው እየቆየ ይጋገራል፤ በመጥበሻችሁ ዙሪያ የማይለቀውን ቡናማ ነገር አስቡት። በላምባና በጥርስ ብሩሽ አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጀብን።

ሁለተኛው ጉዳት ነጭ ዱቄት ነው። የብረት ብሎኖቹ የገቡበት ቦታ ሁሉ የሙሊኔው አካል ነጭ ሆኖ ተበልቷል፤ ብሎኖቹ ግን ያን ያህል አልተጎዱም። ለምን ገላው ተበላ፣ ብሎኑስ ለምን ዳነ? መልሱ የኬሚስትሪ መማሪያችን ውስጥ ነበር፤ ተምረነዋል፣ ተፈትነንበታል፣ አልፈናልም። ገላው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየምና ብረት ተነካክተው ጨዋማ ውኃ ሲያገኛቸው ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ። ኤሌክትሮን ቶሎ የሚለቀው አሉሚኒየሙ ስለሆነ የሚበላው እርሱ ነው። «አኖድ» የሚለውን ቃል ዓመቱን ሙሉ ስንጽፈው ከርመን፣ ምን እንደሆነ ያየነው በጥፍራችን ስንፍቀው ነው። የኬሚስትሪ መምህርታችን ሰምተው መጡ፣ በመነጽራቸው አዩት፣ በማግስቱ ዕቃውን ክፍል ውስጥ ይዘውት ገቡ። ያን ቀን ከኋላ ወንበር የሚተኛው ጓደኛችን አልተኛም፤ ማን እንደሆነ ራሱ ያውቃል።

ነጩን ዱቄት በኮምጣጤ ማስለቀቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ኮምጣጤው ላይ ዘፍዝፎ መተው አሉሚኒየሙን ራሱን ያስበላል። በጥጥ ነክረን እያሸን ወዲያው በሳሙናና በንጹሕ ውኃ አጠብነው። ብርጭቆ ወረቀት ማርሾቹን አላስነካንም። የማርሽ ጥርስ ልኩ ከጠፋ አይመለስም።

እያንዳንዱን ቁራጭ ስንፈታ በስልክ ፎቶ እያነሳን፣ ቁጥር በጻፍንበት የእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ በተራ አስቀመጥን። ከሁለት ቀጫጭን ሮንዴላዎች በስተቀር። እነሱን ፎቶ ማንሳት ረሳን። ለዚህ ስሕተት አንድ ሙሉ ዓርብ ከፈልን፤ በአንዱ በኩል ስናስገባቸው እጄታው ይከብዳል፣ በሌላው ስናስገባቸው ይንገጫገጫል። በመጨረሻ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆኖ ተገኘ። የማርሹን ወደ ኋላ መዞር የሚከለክለው ትንሽ ሞላ ደግሞ ከፒንሳ አምልጦ ተስፈነጠረ፤ ከድሮ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ በነቀልነው ማግኔት ወለሉን ስንዳብስ ዋልን። ለሚቀጥሉት እንመክራለን፣ ሞላ ስትፈቱ ዕቃውን ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ፍቱ።

የክሩን ቅስት ሽቦ የሚመልሰው ሞላ ግን ተሰብሮ ነው ያገኘነው፤ ለእንደዚህ ያለ አሮጌ ዕቃ መለዋወጫ ደግሞ በከተማው ገበያ አላገኘንም። ተራ ማሰሪያ ሽቦ ጠምጥመን ሠራን፤ ታጠፈ፣ አልተመለሰም። የጀልባ ሞተር ከሚጠግኑ ሰዎች ቀጭን የሞላ ሽቦ ለምነን አመጣን። አንደኛችን ለመጠምዘዝ እንዲቀል ብሎ በእሳት አጋለው፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ማሰሪያው ሽቦ ለስላሳ ሆነ። አባባ ከወንበራቸው እስኪወድቁ ሳቁ። የሞላ ጉልበት ከአሠራሩ ነው፤ አግሎ ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ያንን ጉልበት ያጠፋዋል። ሦስተኛውን በሞርሳ በተያዘ ምስማር ዙሪያ በቀዝቃዛው፣ በፒንሳ፣ ቀስ እያልን ጠመጠምነው። አስቀያሚ ነው። ይሠራል።

ፍሬኑን ሳንጠቅስ አናልፍም። ዓሣው በኃይል ሲስብ ክሩ እንዳይበጠስ እየተንሸራተተ የሚለቅለት በክሩ ማጠንጠኛ ውስጥ ያሉት ሮንዴላዎች ናቸው፤ ፈረንሳዮቹ ራሳቸው «ፍሬን» ነው የሚሉት፣ እንደኛ መኪና። ለስላሶቹ ሮንዴላዎች ደርቀው ተሰባብረዋል። ጫማ ሰፊው ወዳጃችን ከቁራጭ ቆዳው በነጻ ሰጠን። በድሮ ሙሊኔዎች ውስጥ ቆዳ ለዚሁ ሥራ ይውል እንደነበረ ካነበብን በኋላ ነው የደፈርነው። በምላጭ ክብ ቆርጠን፣ ዘይት አጠጥተን፣ ከብረቶቹ ጋር አፈራርቀን አስገባናቸው።

ቀለሙ ሲታጠብ ከገላው ላይ «ሚቸል 302» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ የፈረንሳይ ሥራ መሆኑም ተጽፎበታል። ከየት እንደመጣ ስንፈልግ ያገኘነው ነገር ለዚህ አስተያየት ዋናው ምክንያታችን ሆነ። የሚቸል ሙሊኔዎች የተሠሩት ክሉዝ በምትባል ከተማ፣ ካርፓኖ ኤ ፖንስ በሚባል ድርጅት ነው። ክሉዝ በአልፕስ ተራሮች ሥር፣ በኦት ሳቯ ክፍለ ሀገር ያለች፣ ከባሕር እጅግ የራቀች ከተማ ናት። ሰዎቿ የታወቁት በዓሣ ሳይሆን በሰዓት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 የሰዓት ሥራ ትምህርት ቤት ተከፈተባት፤ አካባቢው ገና የፈረንሳይ ግዛት ሳይሆን፣ በሰርዲኒያ መንግሥት ሥር ሳለ ማለት ነው። ልጆች እዚያ ጥቃቅን ማርሽ መቁረጥ፣ መለካትና መግጠም ተማሩ። በዚያ ሸለቆ ያ እጅ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቆይቶ ነው የሰዓት ክፍል ሲሠራ የኖረ ቤት ሙሊኔ መሥራት የቻለው። በአባባ ጣሳ ውስጥ የተገኙት ማርሾች ከዓመታት ጨውና ከምግብ ዘይት በኋላ ጥርሳቸው አለመርገፉ ያለ ምክንያት አይደለም።

የኛስ? ድሬዳዋ ራሷ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከባቡር ጥገናው ጋር ያደገች ከተማ ናት። አባባ እዚያ ያገኙት ነገር ከአባባ ጋር እዚሁ በር ላይ ተቀምጧል። በየቀኑ እናልፈዋለን። ስድስታችንም «ደኅና አደሩ አባባ» ከማለት በቀር አንድ ጥያቄ ሳንጠይቃቸው ነው እስከ 11ኛ ክፍል የደረስነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ እንዲሁ የመጣ ልማድ አይደለም። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን በስድብ ስም መጥራት በአገራችን ለብዙ ዘመን የኖረ ነውር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከመቶ ዓመት በፊት ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ችግሩ ትልቅ ስለነበረ ነው። ስድቡ ዛሬ በአብዛኛው ቀርቷል። ግን «ይህ ልጅ በትምህርቱ ደካማ ነው፣ የእጅ ሥራ ይሞክር» የሚለው አባባል ከዚያው ቤት የመጣ አይመስላችሁም?

ሐሳባችንን በወላጆች ስብሰባ ላይ ስናቀርብ አንዲት እናት ተነሡ። «እኛ አገር ለቀን የመጣነው፣ በዚህ ሙቀት የምንለፋው፣ ልጆቻችን እጃቸው ግራሶ እንዳይነካው ነው» አሉ። ብዙዎች አጨበጨቡላቸው። እኛም ተሳስተዋል ለማለት አፋችን አልደፈረም፤ የማን እናት እንደሆኑ ስለምናውቅ ብቻ ሳይሆን ነገሩ እውነት ስላለበትም ነው። ወደብ ላይ በቀን ሥራ ወገባቸው የጎበጠ አባት ልጃቸው ሐኪም ቢሆን ቢመኙ ማን ይፈርድባቸዋል? የምንለው ግን ሌላ ነው። ግራሶ የነካው እጅ እስክሪብቶ አይጥልም። ያን ሰሞን በኬሚስትሪም በፊዚክስም የባሰ ውጤት ያመጣ ከስድስታችን አንድም የለም። ሐኪም ለመሆን ከኛ መካከል የምታጠናው ጓደኛችን ሦስተኛውን ሞላ የጠመጠመችው ናት፤ ቀዶ ሕክምናም ቢሆን ትንሽ ነገር ሳያመልጥ በፒንሳ መያዝ አይደለም ወይ ትላለች።

ሒሳቡንም አንደብቅም። ሥራው ዘጠኝ ዓርብ ፈጀ። ከነአዲሱ ክርና ከጀልባ ሞተር ጠጋኞቹ ከገዛነው ግራሶ ጋር 3,400 ፍራንክ አወጣን። ጊዜያችንን በገንዘብ ከቆጠርነው አዲስ የቻይና ሙሊኔ መግዛት ይረክሳል። ሁሉም ነገር ይጠገን ብለንም አንከራከርም። ከዝርዝሩ ሁለት ፕሪንተሮች ከፍተን ምንም ሳይገባን ዘጋናቸው። ያበጡትን የስልክ ባትሪዎች ደግሞ ጨርሶ መንካት የለብንም ተባልን፤ ትክክል ነው፣ እሳት ናቸው። የግድግዳ ሰዓቱ ግን የጠየቀን ባትሪ የሚነካውን ቁራጭ ብረት ማጽዳት ብቻ ነበር። አራት ዓመት ቆሞ አሥር ደቂቃ ፈጀ። ልዩነቱ የሚታወቀው ከተከፈተ በኋላ ነው፤ ከመከፈቱ በፊት ሰዓቱም ፕሪንተሩም በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ቃል ተጽፎባቸው ነበር።

በአሥረኛው ዓርብ፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ ከኤስካል ወዲያ ወዳለው የድንጋይ ግድብ ከአባባ ጋር ሄድን። ዘንጉን የተዋስነው ከጎረቤት ነው። አባባ የመጀመሪያውን ሲወረውሩ ክሩ ተወሳሰበ፤ ጥፋቱ የኛ ነው፣ ክሩን አላልተን ነበር የጠቀለልነው። በጥርሳቸውም በጥፍራቸውም ፈቱት። ሁለተኛው ባዶውን መጣ። ሦስተኛው ላይ ዘንጉ ጎበጠ፣ ፍሬኑም ጮኸ። ጫማ ሰፊው የሰጠን ቆዳ ክሩን በልክ በልኩ እየለቀቀ፣ እየያዘ፣ እየለቀቀ ሲሄድ እኛ ከዓሣው ይልቅ ሙሊኔውን ነበር የምናየው። የወጣው መካከለኛ ካራንግ ነው። አባባ ምንም አላሉም። ዓሣውን ከመንጠቆው አላቀው ለአንደኛችን ከሰጡ በኋላ፣ ሙሊኔውን በሃይላንድ ይዘውት በመጡት ንጹሕ ውኃ አጠቡት። ያን ማንም አልነገራቸውም፤ ወይም እኛ ስንፈቅቀው ያዩት ነጭ ዱቄት ነግሯቸዋል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ትምህርት ቤታችንን የምንጠይቀው አራት ነገር ነው፤ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። መጋዘኗ ወደ ተጨማሪ ቢሮ ልትለወጥ ነው የሚባለው እውነት ከሆነ ቢያንስ ሞርሳው ያለበት ጠረጴዛ በረንዳው ላይ ይተከልልን። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ፣ ለሁሉም እንጂ «ለደካሞች» ሳይሆን ይመለስ። አባባና እንደ እርሳቸው ሙያ ያላቸው ወላጆች በዚያ ሰዓት ይጋበዙ፤ እንግዳ ተናጋሪ ተብለው ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ሳይሆን ካቻቪቴ እንዲይዙ። «አገልግሎት የማይሰጡ» የሚለው ወረቀት ላይም አንድ ዓምድ ይጨመርበት፤ ማን ፈትቶ አየው የሚል።

ታናናሾቻችን፣ ይህን የምታነቡት ዕረፍት ላይ ሆናችሁ ይሆናል። ስትመለሱ በስተግራ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከጥቁር ፌስታል ሥር የእግር ስፌት መኪና ታገኛላችሁ። የመርፌው ዘንግ ተጣብቋል፣ ቀበቶውም የለም። የጎን ብሎኖቹ ላይ ላምባ አንጠባጥበንባቸዋል። በጉልበት አትፍቱት። የእንቁላል ካርቶኑ ጠረጴዛው ሥር ነው፣ ቁልፉ አባባ ዘንድ ነው፤ ዓርብ ግን ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት አታገኟቸውም፣ ግድቡ ላይ ናቸው።